ጋሽ ደምሴ ያስቆሙኝ ዕለት

ልጄ ቁሚ ካለችኝ ቦታ ቆሜ ነው ይህን ሁሉ ያስታወስኩት። ባለፈው ሳምንት፣ አምስተርዳም፣ ብሌን የምትሠራበት ኮሌጅ ግቢ ውስጥ፣ አራት ቀስቶች ወደ መሀል የሚጠቁሙበት አረንጓዴ የመሰብሰቢያ ሰሌዳ ሥር። ዘነበ እንዳይሉት የማይዘንብ፣ አልዘነበም እንዳይሉት የሚያረጥብ የሆላንድ ካፊያ እየወረደብኝ። ከዴንሃግ፣ የአገራችን ሬዲዮ ዘ ሄግ ከሚላት ከተማ፣ በባቡር የመጣሁት ምሳ አብረን ልንበላ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በየጊዜው እንዲህ እመጣለሁ። ጥቅል ጎመንና ሩዝ በዕቃ ይዤ እመጣለሁ፣ እሷ ደግሞ ሰው ፊት ክዳኑን ስከፍት «እማ፣ ቀስ በዪ፣ ይሸታል» ትለኛለች፤ ከዚያም የእኔን ድርሻ ጨምራ ትበላለች። በዚያን ቀን ግን ክዳኑ ሳይከፈት ደወሉ ጮኸ።

የዚህ አገር ሰው የአደጋ ደወል ሲጮህ እንዴት እንደሚወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኮምፒውተሩን በብብቱ፣ ካፖርቱን በክንዱ አድርጎ፣ ገበያ እንደሚወርድ ሰው ቀስ ብሎ ነው። አንዱማ ቡናውን እንኳ አላስቀመጠም። ብሌን ግን ከመሳቢያዋ ብርቱካንማ ሰደርያ መዘዘች፣ ለበሰች፣ ሰው ሁሉ ወደ ታች ሲወርድ እሷ ወደ ላይ ወጣች። ሥራዋ ነው። ኮርስ ወስዳበታለች፤ ክፍሉ ሁሉ ባዶ መሆኑን አይተው መጨረሻ ላይ የሚወጡት ሰደርያ ለባሾቹ ናቸው። ይህንን ለእናት ማን ያስረዳል? ተከተልኳታ። ጥቂት ደረጃ እንደወጣሁ ዞር ብላ አየችኝና፣ በዚያ እንደ ደች ከጉሮሮ በሚወጣ አማርኛዋ፣ «እማ! በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች።

አንድ እግሬን እንዳነሣሁ ቆምኩ። «ናር ባውተን! ወደ ውጭ!» አለች፤ ስትደነግጥ ደቹና አማርኛው አፏ ላይ ይቀላቀላሉ። «አረንጓዴው ጋ ቁሚ። እኔ እመጣለሁ።» እኔም ወርጄ፣ ወጥቼ፣ አረንጓዴው ሥር ቆምኩ። ያንን ቃል ከዚያ በፊት ከምር የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ብሌን የጡት ልጅ ነበረች።

ሮተርዳም ነበርን ያኔ። ገንዘቡ ገና ጊልደር የሚባልበት ዘመን ነው፤ ወረቀቱ እንደ ልጅ ሥዕል በቀለም ያበደ፣ አንዱ ላይ የሱፍ አበባ ያለበት። እኔና የብሌን አባት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ቤት ሦስተኛው ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። እሱ ስኪፖል አየር ማረፊያ የአውሮፕላን ውስጥ ያጸዳ ነበር፤ ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ ሲመሽ ይመለሳል። ትራም ስንሳፈር ረጅም የወረቀት ቲኬት አጥፈን ቢጫ ማሽን አፍ ውስጥ እንከታለን፤ ድንግ! ይልና ማኅተሙን ይመታል። ያ ድምፅ ዛሬም ይናፍቀኛል፤ የአሁኑ ካርድ እንደ ጫጩት ጢው ብሎ ያሳልፋችኋል። ቅዳሜ ገበያ ሊበተን ሲል ነጋዴዎቹ በከተማው ድምፅ «አንድ ጊልደር! አንድ ጊልደር!» እያሉ ብርቱካኑን በሳጥን ይሸኙታል። ካፖርቴን የገዛሁትም እዚያው ገበያ ነው፤ አረንጓዴ፣ ትከሻው ላይ ትራስ የተሰፋበት፣ በጠባብ በር በጎን ካልሆነ የማያስገባ። ያንን ለብሼ ፎቶ ተነሥቼ ለእናቴ ብልክላት «ልጄ ወፈረችልኝ» ብላ ጎረቤት ጠርታ አስመረቀች። ካሴታችን ደግሞ ከካሴት ላይ የተቀዳ፣ እሱም ከሌላ ካሴት የተቀዳ ስለነበር ዘፋኙ ከጉድጓድ ውስጥ ነበር የሚዘፍነው፤ እኛ ግን አብረነው እናለቅሳለን።

ደች የምንማረው በከተማው ምዕራብ፣ ወደ ወደቡ አቅጣጫ ባለ ትልቅ የሙያ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነበር። ነፋሱ ከወደቡ ሲመጣ አንድ ቀን ዘይት፣ አንድ ቀን ሬንጅ፣ አንዳንዴ ደግሞ የሚቆላ ነገር ይሸታል። ክፍላችን ቱርክ፣ ሶማሌ፣ ቦስኒያ፣ ሞሮኮ የተቀላቀለበት ሲሆን፣ አበሾች ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ጸጋዬ የሚባል ሳቂታ ጎረምሳ፣ እና ጋሽ ደምሴ። ጋሽ ደምሴ በንጉሡ ጊዜ አጥቢያ ዳኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። እዚህ ሴት ልጃቸው አስመጥታቸው፣ በስተርጅና ፊደል ቆጣሪ ሆኑ። በየቀኑ ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ቡናማ የሱፍ ሻርፕ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ችሎት እንደሚሰየሙ ሆነው ነው የሚመጡት። አስተማሪያችን አኔከ ገና ልጅ እግር ናት፤ ጠረጴዛ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ተቀምጣ «ደምሴ! ይህ ምንድን ነው?» ትላለች፣ ፖም እያሳየች። እኔና ጸጋዬ መሬት ብትከፈት በወደድን። እሳቸው ግን ተነሥተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ፍርድ በሚያሰሙበት ድምፅ «ይህ ፖም ነው» ይላሉ። አንድ ቀን እኔ ብስጭት ብል «ተይ ልጄ፣ ዳኛዋ እሷ ናት። ችሎት የገባ ሰው ሥርዓት ይጠብቃል» አሉኝ።

ብሌንን ከግቢው ማዶ ባለው የሕፃናት ማቆያ ነበር የምተዋት። ከክፍላችን መስኮት በሩ ይታያል፤ በመሀሉ ብስክሌት የሚታሰርበት አስፋልትና አንድ ብቸኛ ዛፍ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ከደቹ ይልቅ ያንን በር ነበር የማጠናው።

በዚህ አገር የአደጋ ሳይረን በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ለሙከራ ይጮሃል። የመጀመሪያውን ስሰማ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ጸጋዬ ሲስቅብኝ ከርሟል። ኋላ ለመድነው፤ «የሰኞዋ ጮኸች» እንላለን፣ እንደ ምሳ ደወል። ያን ዕለት ግን ቀኑ ሰኞ አልነበረም። ሳይረኑ ሲነሣ ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። አኔከ ብቻ ጠመኔዋን ይዛ ቀረች፤ ፊቷ ነው ያስደነገጠን። በመስኮት ስናይ ከወደቡ በኩል ጥቁር ጭስ ሰማዩን ይዞታል። ወዲያው የትምህርት ቤቱ ቁልፍ ያዥ፣ ኮር፣ በሩን በርግዶ ገባ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ብርቱካንማው ሰደርያ አልገጥም ብሎት ሆዱ ላይ ተወጥሯል። «መስኮት ዝጉ! ማንም አይወጣም! ሬዲዮው ውጡ እስኪል ማንም!» አለና ወደሚቀጥለው ክፍል ሮጠ።

ማንም አይወጣም። ይህቺን ቃል እኔ በሌላ ቋንቋ አውቃታለሁ። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ተማሪ ሳለ፣ ግቢያቸው የተከበበ ጊዜ፣ «ባላችሁበት ቆዩ፣ ምንም አትሆኑም» ተብለው ነበር። ጓደኞቹ አጥር ዘለሉ። እሱ ታዛዥ ልጅ ነበር፣ አባቴ የሚመካበት፤ ቆየ። ከዘለሉት አንዱ ዛሬ የልጅ ልጅ ያሳድጋል፤ ወንድሜን ግን ከዚያ በኋላ ያየው የለም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያዘነችው በገዳዮቹ ብቻ አልነበረም፤ «ምነው መታዘዝ ባላስተማርኩት» እያለች ነበር። እኔ ያንን ሰምቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። ልጄ ከማዶ፣ እኔ ከዚህ፣ በመሀላችን «ማንም አይወጣም» አለ። የአኔከን እጅ ከትከሻዬ ላይ አውርጄ፣ ኮሪደሩን አልፌ፣ በሩን ገፍቼ ወጣሁ። ልጄን አቅፌ፣ ትራም ይዤ ቤቴ ልገባ ነው። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ውጭው የተቃጠለ ጎማ ሽታ ነበረው፤ ዓይን ይለበልባል። ግማሹን አስፋልት እንደተሻገርኩ ነው ከኋላዬ ያ ድምፅ የመጣው። «በሕግ አምላክ!»

የእኔ ዘመን ሰው ያውቀዋል። ያ ቃል ጆሮው የገባ ሰው፣ ሌባም ቢሆን፣ ዱላ ያነሣም ቢሆን፣ ይቆማል። እናቴ ወተት ስታጠባኝ አብራ ያጠጣችኝ ነገር ነው። እግሬ እኔን ሳያማክር ቆመ። ክፍል ውስጥ መስኮት ይዘጋ የነበረው ጸጋዬም እጁን እንደዘረጋ ቀጥ አለ፤ ኋላ አኔከ አስመስላ አሳይታናለች። እስቲ አስቡት፤ ከክፍል ቢያስቆሙኝ ጥሩ፣ ማቆያው ደርሼ ቢያስቆሙኝም ጥሩ። እኔ ግን ሳልገባ ሳልወጣ፣ ጭሱ መሀል፣ ብስክሌቶቹ አጠገብ ተተከልኩ። ቱርኮቹ በመስታወቱ ውስጥ «ሂጂ!» ይላሉ፣ ቦስኒያዋ «ተመለሺ!» ትላለች፤ እኔ ከዛፉ ጋር ሁለተኛ ዛፍ ሆኛለሁ።

ጋሽ ደምሴ በሩ ላይ ቆመው አዩኝ። ምን እንዳደረጉ የገባቸው ያን ጊዜ ይመስለኛል። በዱሮው ሥርዓት ያስቆመ ሰው ያስቆመውን ትቶ አይሄድም፤ ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸውን ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ነው ዳኛ ዘንድ የሚሄዱት። ስለዚህ መጡ። አስም አለባቸው እኮ! ባርኔጣቸውን ይዘው፣ እያሳላቸው፣ አጠገቤ ደረሱ። የሻርፓቸውን ጫፍ ከራስ መሸፈኛዬ ጫፍ ጋር መቋጠር ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ይግቡ! ያምዎታል!»

«አስቁሜሻለሁ። ከእንግዲህ አብረን ነው። ወዴት ነሽ?»

«ልጄ ጋ ነዋ!»

«ልጅሽን ይዘሽስ?»

«ወደ ቤቴ።»

«ጭሱን እዪው። እሱም ወደ ቤትሽ ነው የሚሄደው።»

እውነት ነበር። እኔ ግን እልህ ይዞኛል። «ጋሼ፣ ወንድሜን ቆይ ብለውት ነው የቀረው። ቆዩ የሚለኝን ሰው አላምንም!» ስል ለካ እያለቀስኩ ነው። እሳቸው ቋጠሮውን አጠበቁና ቀና ብለው አዩኝ።

«ወንድምሽን ቆይ ያሉት ሰዎች አብረውት ቆዩ?»

«አልቆዩም።»

«እኔ አለሁ» አሉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን ደፉ። እዚያው፣ በጭስ መሀል፣ ዓይናቸው እንባ እያፈሰሰ ፈረዱ። «እናት ወደ ልጇ ትግባ። ይህ የእሷ ፈንታ ነው። ከገባች በኋላ ግን ሬዲዮው ውጡ ሳይል አትወጣም። ይህ የሕግ ነው። ይግባኝ የለም፤ ነይ ሩጪ!»

ተሳስረን ሮጥን። እሳቸው ሲዘገዩ ሻርፑ አንገቴን ይጎትተኛል፤ እኔ ስፈጥን እሳቸው «ቀስ፣ ቀስ!» ይላሉ። የማቆያዋ ሞግዚት በበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ ጠቅጥቃ፣ ከመስታወቱ ኋላ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። አትከፍትም፤ እሷም ታዛለች። ልጮህ አፌን ስከፍት ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሡ፤ ቀጥለው ቋጠሮውን ከፍ አድርገው አሳዩዋት። ከዚያ ቋጠሮ ምን እንዳነበበች እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በሩን ገርበብ አድርጋ በካፖርቴ ትራስ ጎትታ አስገባችን።

ብሌን ተኝታለች። አውራ ጣቷን ጎርሳ፣ አንድ ካልሲዋን አውልቃ፣ ዓለም ቢገለበጥ ግድ ሳይሰጣት። አጎንብሼ አንገቷን አሸተትኩ። ጋሽ ደምሴ አሁንም ስለታሰርን አብረውኝ አጎነበሱ። መቀመጫ ሲፈለግ የልጆች ወንበር ብቻ ነበር። የአጥቢያ ዳኛው ጉልበታቸው ጆሯቸው ሊደርስ ቁጢጥ አሉ፤ አንዲት ትንሽ ልጅ ባዶ የፕላስቲክ ስኒ አምጥታ ሰጠቻቸው፣ እሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጠጡ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተደበደበ። ኮር ነበር። አፍንጫውን በእርጥብ ፎጣ አፍኖ፣ ዓይኑ ደም መስሎ። ክፍላችንን ሲያይ ሁለት ሰው ጎድሎበት፣ ብስክሌቶቹን፣ ጓሮውን፣ የመንገዱን ዳር ሲዞርልን ነው የቆየው። ጮኸብን፤ ደቹ ባይገባኝም ቁጣው ገብቶኛል። ደረቱን ይመታል፣ እኛን ይጠቁማል፣ ሰደርያውን ይጎትታል፤ ከዚያ በድንገት አቅሙ አልቆ ወለሉ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ማሳል ጀመረ። ጋሽ ደምሴ ያቺን የፕላስቲክ ስኒ ውኃ አስሞልተው አቀበሉት። ወደ እኔ ዞረውም በአማርኛ «ወጥቶ ፈልጎናል እኮ» አሉ። ደግመውም፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ «ወጥቶ ፈለገን» አሉ። እኔ ሰደርያውን አየሁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ የትእዛዝ ልብስ የለበሰ ሰው ሲፈልገኝ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። እኔን ፍለጋ በጭስ መዞሩም ቆጨኝ። በደች «ይቅርታ» ማለት ገና አልተማርኩም ነበርና ጎንበስ ብዬ ትከሻውን ሳምኩት፤ ሰውዬው እንደ ቲማቲም ቀላ።

ሬዲዮው ውጡ ሲል ጋሽ ደምሴ ቋጠሮውን ፈቱ። ውጭው በርዶ ነበርና ሻርፓቸውን በብሌን ላይ ጠቅልለው «የእሷ ይሁን» አሉ። እነሆ አሁንም አንገቴ ላይ ነው፤ ካፊያውን እየጠጣ።

ከዚያ ወዲህ እሳቸው የብሌን አያት ሆኑ። ዴንሃግ ስንዛወር እሳቸውም ከልጃቸው ጋር በትራም የሚደረስበት ሰፈር መጡ። ብሌን «አንተ» ትላቸዋለች። እኔ ስቆጣ «ተያት፣ እግዜርንም አንተ ነው የምንለው» ይሉኛል። ይህንን ታሪክ ሺህ ጊዜ አስተርታቸዋለች። ቃሉን ከያዘች በኋላማ ቤታችን ሰላም አጣ፤ አባቷ የመጨረሻዋን ኬክ ሲያነሣ «በሕግ አምላክ!»፣ የጎረቤት ውሻ ሲሮጥ «በሕግ አምላክ!» ውሻው የሆላንድ ውሻ ስለሆነ አይቆምም። ጋሽ ደምሴ ግን ከባድ ነገር ነው ብለው አስተማሯት። «ያስቆምሽውን ሰው ትተሽ መሄድ ነውር ነው። ካልመጣሽ አታስቁሚ።» እሳቸው ሲደክሙ የገቡት እኔ በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ነበር። ገላቸውን የማጥበው እኔ ነኝ፤ «ቁራኛዬ መጣች» ብለው ነው የሚቀበሉኝ። ሲያርፉም እጃቸው እጄ ውስጥ ነበር። እንዴት እንደምወዳቸው በቁማቸው ነግሬያቸዋለሁና ደስ ይለኛል።

ይህን ሳስብ የእሳት አደጋ መኪና ገብቶ፣ ሰዎቹ በእርጋታ ወጥተው ወርደው፣ ደወሉ ዝም ብሏል። ተማሪው እየተሳሳቀ መመለስ ጀመረ። አንድ ሰደርያ የለበሰ ወጣት መጥቶ «ሜፍራው፣ እሜቴ፣ መግባት ይችላሉ» አለኝ በትሕትና። «የለም፣ ልጄ ናት ያቆመችኝ» አልኩት፤ ትከሻውን ሰብቆ ሄደ። ግቢው ባዶ ሆነ። ሁሉም ሲገባ፣ ሰደርያ ለባሾቹም አንድ በአንድ ሲወጡ፣ የእኔዋ የለችም። ፈራሁ። የሮተርዳሙ ፍርሃት ያለበት ቦታ እንዳለ ኖሯል። እግሬ ሂጂ ሂጂ አለኝ። እመጣለሁ ብላኛለችና የሻርፑን ጫፍ ጨብጬ ቆምኩ።

መጣች። ፀጉሯ ተበታትኖ፣ የተቃጠለ ዳቦና አይብ እየሸተተች። «ቶስቲ! አንዱ ሞኝ ቶስቲ አቃጥሎ!» አለች ከሩቅ፤ ከዚያ አየችኝ። «እማ? ምን ትሠሪያለሽ? ሁሉም ገብቷል እኮ! ሙሉ በሙሉ ረጥበሻል!»

«አስቁመሽኛል» አልኳት።

ልትስቅ ጀምራ ተወችው። የዘረጋሁላትን የሻርፕ ጫፍ አየች። ተቀብላኝ፣ ከሰደርያዋ ማሰሪያ ጋር፣ ጋሽ ደምሴ እንዳስተማሯት አድርጋ፣ ሁለቴ ቋጠረችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ የሳቸውን ድምፅ አስመስላ፣ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ፣ «ወዴት ነሽ?» አለችኝ።

«ልጄ ጋ ነዋ!» አልኳት።